ውጭ ሀገር የጋራ ሳይክል ለመንዳት ላሰባችሁ፦ ከፉሪ ሳትነሱ ማለቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ለስልጠና፣ ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከሀገር የምትወጡ የገጻችን ቤተሰቦች፣ ፓሪስ ወይም ዋሽንግተን ስትደርሱ መንገድ ዳር የተደረደሩ፣ ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ የሆነ ሳይክሎች ታያላችሁ። አጠገባቸው ባለቤት የለም፣ ጠባቂም የለም። አንዱ መጥቶ በስልኩ ስካን አድርጎ ይወስዳል፣ ሌላው መጥቶ ቆልፎ ይሄዳል። በብዙ ከተሞች ከታክሲ በጣም ይረክሳል፤ አጭር መንገድ ላይ ደግሞ ከአውቶቡስ የሚፈጥንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ችግሩ መንዳቱ ላይ አይደለም። ፉሪ፣ ለቡ ወይም ጀሞ አድጎ በሰዓት ሒሳብ ሳይክል ተከራይቶ የማያውቅ ልጅ ስንት ነው? እንግዳውን ሰው የሚያስቸግሩት ካርዱ፣ ስልክ ቁጥሩ እና የመመለሻው ቁልፍ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አዲስ አበባ እያላችሁ ካላስተካከላችሁ እዚያ ሄዶ ማስተካከል ይከብዳል። ሦስተኛው ደግሞ ካልታወቀ ገንዘብ ይበላል። (ከታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ካርድና ስልክ ይጠይቃሉ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1965 አምስተርዳም ውስጥ ፕሮቮ የሚባል የወጣቶች እንቅስቃሴ ጥቂት ሳይክሎችን ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ማንም ይንዳቸው ብሎ ያለ ቁልፍ መንገድ ላይ አቆማቸው። ፖሊስ ያልተቆለፈ ሳይክል መንገድ ላይ መተው ክልክል ነው ብሎ ሰበሰባቸው። በ1995 ኮፐንሃገን ሌላ መላ ሞከረች። ሱፐርማርኬት ውስጥ እንዳለው የዕቃ ጋሪ፣ ሳንቲም ስትከቱበት የሚከፈት፣ ስትመልሱት ሳንቲማችሁን የሚሰጥ ቁልፍ ነበር። ማን እንደወሰደው ግን አይታወቅም፤ ስለዚህ ብዙ ሳይክል ጠፋ።

መፍትሔው የወሳጁን ማንነት ማወቅ ሆነ። የፈረንሳይዋ ሬን ከተማ በ1998 በካርድ የሚከፈት ሳይክል አመጣች፣ ሊዮን በ2005 በትልቁ አስፋፋችው፣ ፓሪስ በጁላይ 2007 «ቬሊብ»ን ስትጀምር ነገሩ ዓለም አቀፍ ወሬ ሆነ። የቻይናዋ ሐንግዡ በ2008 ተከተለች። በአህጉራችን ማራኬሽ በ2016፣ ኪጋሊ በ2021፣ ካይሮ በ2022 የየራሳቸውን ጀምረዋል።

ዛሬ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጣቢያ ያለው ነው፤ ሳይክሉን ከአንድ መቆለፊያ ነቅላችሁ ሌላ ጣቢያ ላይ ትሰኩታላችሁ። ሁለተኛው ጣቢያ የለውም፤ በጂፒኤስ ይከታተሉታል፣ ጎማው ላይ ያለው ቁልፍ በአፕ ይከፈታል፣ ስትጨርሱ በተፈቀደ ቦታ አቁማችሁ ትቆልፉታላችሁ።

መያዣው

እዚህ ሰፈር ሳይክል የሚያከራየው ልጅ «መታወቂያ አስይዝ» ይላችኋል። ሳይክሉ ሲመለስ መታወቂያው ይመለሳል። እዚያም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚያዘው ካርዳችሁ ላይ ያለው ገንዘብ መሆኑ ነው።

ቬሊብ ለምሳሌ የአጭር ጊዜ ፓስ ለሚገዛ ሰው 300 ዩሮ መያዣ ይጠይቃል። ይህ ገንዘብ አልተቆረጠም፤ ታግዷል። ሳይክሉ በሰላም ከተመለሰ አይወሰድባችሁም። ግን እስኪለቀቅ ድረስ ልትጠቀሙበት አትችሉም፤ ለመለቀቅ ደግሞ እንደ ባንኩ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ደመወዙ እዚያ ሀገር ለሚገባለት ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከኛ ሰፈር ለሚሄድ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ካርዱ ላይ 500 ዩሮ ጭኖ የወጣ ልጅ እንውሰድ። ሆቴሉ ሲገባ ለጥንቃቄ ብሎ 100 ዩሮ ያዘበት እንበል። በማግስቱ ሳይክል ሲከራይ 300 ዩሮ ታገደ። ለምግብ፣ ለባቡር፣ ለሁሉ ነገር የቀረው 100 ዩሮ ብቻ ነው። ገንዘቡ አልጠፋም፤ እሱ ግን ሰው ሀገር እጁ አጥሮ ይሰነብታል። ሁለት ሆናችሁ በአንድ ካርድ የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ መያዣው በእያንዳንዱ ሳይክል ሊቆጠር እንደሚችል አስቡ።

የትኛው ካርድ? በብር ሂሳባችሁ ላይ የተሰጣችሁ ኤቲኤም ካርድ እዚያ አይሠራም። ቴሌብርም፣ ሲቢኢ ብርም እንደዚያው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ማሻሻያ ወዲህ፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ሰዎች በውጭ ምንዛሬ ሂሳብ መክፈት ቀሎላቸዋል፤ የተወሰኑ ባንኮችም ለተጓዥ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ዓለም አቀፍ ካርድ ይሰጣሉ። ካርዱን ስትወስዱ ዝም ብላችሁ ፈርማችሁ አትውጡ። ኢንተርኔት ላይ ለመክፈል ተከፍቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ቢያዝበት ይቀበላል ወይ? የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው በየትኛው ቁጥር ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳትዘሉ፤ ቀድሞ የሚሞላ ካርድን ለመያዣ የማይቀበሉ አገልግሎቶች አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ካርዱ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ሳይክሉ ላይ እምቢ ይላችኋል። ያኔ የካርዱ ብልሽት መስሏችሁ ደጋግማችሁ አትሞክሩ።

ሌላው መንገድ ዘመድ ነው። ዋሽንግተንና ኒውዮርክን ጨምሮ በብዙ ከተሞች አንድ ሰው በራሱ አፕ ከአንድ በላይ ሳይክል መክፈት ይችላል። አክስታችሁ «ምን ችግር አለው፣ በኔ ውሰድ» ብትላችሁ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ ሳይክሉ ቢጠፋ ተጠያቂዋ እሷ ናት። የኒውዮርኩ ሲቲ ባይክ ለጠፋ ሳይክል የሚያስከፍለው 1,200 ዶላር ነው፣ ታክስ ሳይጨምር። በዚህ ገንዘብ የተበላሸ ዝምድና በቡና አይጠገንም።

ስልክ ቁጥሩ

ሁሉም አፕ ማለት ይቻላል ሲመዘገቡ በኤስኤምኤስ ኮድ ይልካል። ብዙ ወገኖቻችን የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። ኤርፖርት ላይ የሚሸጠው ወይም በኦንላይን የሚገዛው ኢሲም አብዛኛውን ጊዜ ዳታ ብቻ ነው፤ ቁጥር የለውም፣ ኮድ አይቀበልም። የኢትዮጵያ ሲማችሁ ሮሚንግ ካልተከፈተለት ደግሞ ዝም ይላል። የባንክ ማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው በዚሁ ሲም ነው። ስለዚህ አንድ ሲም ጠፋ ማለት ሁለት በር ተዘጋ ማለት ነው።

ቀላሉ መፍትሔ አፑን እዚሁ አውርዶ፣ በኢትዮጵያ ቁጥር ተመዝግቦ፣ ካርዱንም አስገብቶ መሄድ ነው። የሀገር ኮድ ዝርዝሩ ውስጥ +251 ካለ እዚሁ ይጨርሳል። ከሌለም ችግሩን ቤታችሁ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ስትደርሱ ቁጥር ያለው ሲም ለመግዛት ታስባላችሁ። አንዳንድ አፕ ስልካችሁ የተመዘገበበትን ሀገር አይቶ «በአካባቢዎ አይገኝም» ሊል ይችላል፤ ያንንም ከወዲሁ ማወቅ ነው። ሮሚንጉን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አስከፍቱ፣ ዳታውን ግን አጥፉት፤ የምትፈልጉት መልእክቱን ነው።

ፓወር ባንክ ያዙ። ጣቢያ በሌለው ሳይክል ላይ ስልካችሁ መሀል መንገድ ቢጠፋ ጉዞውን «ጨረስኩ» የምትሉበት መንገድ ያጥራችኋል፤ ሒሳቡ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

የቀን ፓስ ማለት ቀኑን ሙሉ ማለት አይደለም

እንግዳ ሰው በብዛት የሚቀጣው በዚህ ነው። «የ24 ሰዓት ፓስ» ተብሎ ሲሸጥ አንድ ሳይክል ይዞ ሲዞሩ መዋል ይመስላል። አይደለም። ፓሱ የሚፈቅደው በ24 ሰዓት ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል አጫጭር ጉዞ ነው። አንዱ ጉዞ ግን ገደብ አለው፤ እንደ ከተማው 30 ወይም 45 ደቂቃ። ያንን ካለፋችሁ ተጨማሪው ይቆጠራል። ሙዚየም በር ላይ አስደግፋችሁ ሦስት ሰዓት ብትቆዩ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ሒሳብ ከፓሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አነዳዱ እንዲህ ነው፦ ጣቢያ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ጉዳያችሁን ትጨርሳላችሁ፣ ስትመለሱ ሌላ ሳይክል ትወስዳላችሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሳይክል የምትፈልጉ ከሆነ የጋራ ሳይክል ለናንተ አልተሠራም፤ ሱቅ ያለው ተራ አከራይ ፈልጉ።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው። ፓሪስ ላይ አረንጓዴው ተራ፣ ሰማያዊው ኤሌክትሪክ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ኤሌክትሪኩ በየደቂቃው ይቆጠራል፤ ፓስ ያለው ሰውም ይከፍላል። ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ሳይለዩ ማንሳት ቀላል ነው። የአዲስ አበባን አቀበት የለመደ እግር ፓሪስ ላይ ሞተር የሚፈልግ አይመስለንም።

ስትወስዱና ስትመልሱ

ከመክፈታችሁ በፊት ጎማውን ጫን ጫን አድርጉ፣ ሁለቱን ፍሬን ያዙ፣ ካቴናውን ተመልከቱ። ፓሪስ ውስጥ ኮርቻው ወደ ኋላ የዞረ ሳይክል ካያችሁ አትንኩት። የተበላሸ ሳይክል ያጋጠመው ሰው ቀጣዩ እንዳይሸወድ ኮርቻውን አዙሮ ይሄዳል። ማንም ያላወጀው የመንገድ ሕግ ነው፤ እኛ በጣም ወደድነው።

መመለሱ ላይ አትቸኩሉ። የፊት ጎማውን መቆለፊያው ውስጥ በደንብ ገፍታችሁ ክተቱ። ለንደንና ዋሽንግተን ላይ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ካልተነቀለ ተቆልፏል። አፑ ላይ ጉዞው ማለቁን አይታችሁ ስክሪንሾት አንሱ፣ ሳይክሉንም ከጣቢያው ስም ጋር ፎቶ አንሱት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያልተቆለፈ ሳይክል ሌላ ሰው ቢወስደው በናንተ ስም እንደተነዳ ይቆጠራል፤ በመጨረሻም የታገደው መያዣ እውነተኛ ክፍያ ይሆናል።

መብራቱ ካልበራ ትታችሁ አትሂዱ። ሌላ መቆለፊያ ሞክሩ። እሱም እምቢ ካለ እዚያው ቆማችሁ ሳይክሉ ላይ የተጻፈውን የደንበኞች ቁጥር ደውሉና የሳይክሉን ቁጥር ንገሯቸው። ጣቢያው ሞልቶ ቦታ ከሌለ አፑ ካርታ ላይ በአቅራቢያ ያለውን ባዶ ቦታ ያሳያል። ማታ ላይ መዝናኛ አካባቢ፣ ጠዋት ላይ ቢሮ አካባቢ ጣቢያዎች ስለሚሞሉ አሥር ደቂቃ አስቀድማችሁ ድረሱ።

የኛ ሰው በብዛት የሚሄድባቸው ከተሞች

ዱባይ። ካሪም ባይክ በፌብሩዋሪ 2020 ከከተማዋ የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ጋር የጀመረው አገልግሎት ነው። ማሪና አካባቢ ለሽርሽር ጥሩ ነው። ግን ዱባይ ሕግ ላይ ቀልድ የለም፦ ሄልሜት ግዴታ ነው፣ የፍጥነት ወሰኑ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ላይ ሳይክል አይነዳም፣ ቅጣቱም በገንዘብ ነው። ሄልሜት ሳይክሉ ላይ ተንጠልጥሎ አይጠብቃችሁም። በክረምታችን ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቀን ላይ መሞከሩን ተዉት።

ጓንዡና ሌሎቹ የቻይና ከተሞች። ዕቃ ለማምጣት ለሚመላለስ ነጋዴ ከሜትሮ ጣቢያ እስከ ገበያው ላለችው ርቀት ከዚህ የተሻለ የለም። ጣቢያ የላቸውም፤ ቢጫው የሜይቱዋን፣ ሰማያዊው የሄሎ፣ አረንጓዴ ሰማያዊው የዲዲ ነው። መክፈቻው አሊፔይ ወይም ዊቻት ነው። ከ2023 ጀምሮ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ማገናኘት ይቻላል፤ ፓስፖርታችሁን አስገብታችሁ ማንነታችሁን ታረጋግጣላችሁ። ጉግል ፕሌይ ቻይና ውስጥ ስለማይሠራ አንድሮይድ ያላችሁ አፑን ከአዲስ አበባ ጭናችሁ ሂዱ። ስታቆሙ የእግረኛ መንገዱ ላይ በነጭ መስመር የተከለለውን ቦታ ፈልጉ፤ ከተፈቀደው ክልል ውጭ መተው ተጨማሪ ያስከፍላል።

ዋሽንግተን ዲሲ። ካፒታል ባይክሼር በሴፕቴምበር 2010 ነው የጀመረው። ጣቢያዎቹ የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያም አሉ። ዘመድ ቤት አርፋችሁ ከተማ ለማየት ይጠቅማችኋል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ መንዳት አይፈቀድለትም፤ የአክስት ልጆችን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አስቡበት።

ለንደን። በጁላይ 2010 ሲጀመር ሰዉ በከንቲባው በቦሪስ ጆንሰን ስም «ቦሪስ ባይክ» አለው፤ ዛሬ ሳንታንደር ሳይክልስ ይባላል። ለመከራየት 18 ዓመት መሙላት አለባችሁ። ዋናው ጥንቃቄ ግን አቅጣጫው ነው፦ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ቶሎ ይለመዳል፤ ቀኝ ስትታጠፉና አደባባይ ስትገቡ ግን እጃችሁ በልማዱ ወደ ተሳሳተው መስመር ይወስዳችኋል። መጀመሪያ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ተለማመዱ።

አምስተርዳም። የሐሳቡ መነሻ ከተማ ናት፣ ለቱሪስት ግን የምትመች አይደለችም። የባቡር ጣቢያዎቹ ሳይክል «ኦቪ ፊትስ» የተሠራው በዋናነት ለሀገሩ ነዋሪ ነው። እዚያ ስትሄዱ በየጥጉ ካሉት አከራይ ሱቆች ውሰዱ። የትራም ሐዲድን በቀጥታ አቋርጡት እንጂ ጎን ለጎን አትሂዱ፤ ቀጭን ጎማ ሐዲዱ ውስጥ ይገባና ይጥላችኋል።

መንገድ ላይ

እኛ ጋ ሳይክል የሚነዳ ሰው ቀይ መብራት ላይ ብዙም አይጠየቅም። አውሮፓ ውስጥ ሳይክል ተሽከርካሪ ነው፤ ቀይ መብራት ይመለከተዋል፣ አንድ አቅጣጫ መንገድ ይመለከተዋል፣ ጠጥቶ መንዳትም ይመለከተዋል። ፈረንሳይ ከጁላይ 2015 ጀምሮ ጆሮ ላይ ኢርፎን ሰክቶ መንዳትን ከልክላለች፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ካርታ የምታዩ ከሆነ ዳር ይዛችሁ ቁሙና እዩ።

ለሸንገን ቪዛ የገዛችሁት የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ መሸፈን አለበት፤ ያለዚያ ቪዛው አይሰጥም። ያ ሽፋን ግን ለናንተ ሕክምና ነው። የሰው መኪና ብትቧጥጡ ወይም እግረኛ ብትገጩ የሚከፍል መሆኑን ውሉ ላይ ፈልጉ፤ «የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት» የሚል አንቀጽ ካላያችሁ የለም ማለት ነው።

ልምምዱን እዚሁ

ለዓመታት ያልነዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ቀናችሁን በሰው ሀገር ትራፊክ መሀል አታድርጉት። ለፉሪ ልጅ ከለቡ ወደ ጀሞ የተሠራው የሳይክል መስመር ቅርብ ነው፤ መኪና የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚዘረጋበት ጊዜ ስላለ ዓይናችሁን ክፈቱ። ከ2024 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በመሀል ከተማ የዘረጋቸው መስመሮች ደግሞ ሰፋ ያሉ ናቸው። በዲሴምበር 2018 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድባቸው እሁዶችም መኪና የሌለበት አስፋልት ታገኛላችሁ። ሦስት ነገር ተለማመዱ፦ በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው መታጠፊያ ማሳየት፣ ሳይወዛወዙ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት፣ በሁለቱም ፍሬን እኩል መቆም። ከባድ ቦርሳ ጀርባችሁ ላይ አድርጋችሁም ሞክሩት፤ የጋራ ሳይክሎች ከሰፈራችን ኪራይ ሳይክል ይከብዳሉ፣ ሲነሱና ሲቆሙ ያወዛውዛሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት የከተማውን አገልግሎት አፕ ክፈቱና የዕለቱን ዋጋ፣ የመያዣውን መጠንና የአንዱን ጉዞ የጊዜ ገደብ ጽፋችሁ ያዙ። ዋጋ በየጊዜው ይቀየራል። መያዣው ካርዳችሁ ላይ ካለው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ከሆነ፣ በዚያ ከተማ በእግርና በአውቶቡስ ሂዱ።